ራሱን በራሱ የሚያወራው ሪፒተር፦ ከድሬዳዋ የተገኘ አንድ የጥገና ጉዳይ

ስልኩ የተደወለልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣሁ። ደዋዩ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የጭነት መኪና ግቢ ኃላፊ ነው። የድርጅቱን ስም ልተወው፣ ለጉዳዩም አያስፈልግም። «አቦ፣ ሬዲዮናችን ጂኒ ገብቶበታል» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢው ሰፊ ነው። ከጅቡቲ የሚመጡና ወደዚያው የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ይቆሙበታል። በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች፣ ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ፣ መጋዘን ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በእጅ ሬዲዮ ይገናኛሉ። የእጅ ሬዲዮ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ቢሮው ውስጥ ሪፒተር አስቀምጠዋል፣ አንቴናው ጣሪያ ላይ ነው። ሪፒተር ማለት በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ድግግሞሽ ኃይል ጨምሮ መልሶ የሚረጭ ሣጥን ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ተናግሮ ሲለቅ ይሄ ሣጥን ዝም ማለት ነበረበት። አይልም። ራሱን ከፍቶ ይቀጥላል። በሁሉም እጅ ላይ የተቀዳደደ ዘፈን፣ የተቆራረጠ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም የኳስ ዘገባ የሚመስል ጩኸት ይሰማል። የሚተኛው ሦስት ደቂቃ ሞልቶ የራሱ የሰዓት ገደብ ሲቆርጠው ብቻ ነው። ከዚያ አንዱ «ሃሎ» ሲል እንደገና ይነሳል።

በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር አይገናኝም። አንድ ቀን ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ሰው ሊመታ ለጥቂት ነው የተረፈው። ረዳቱ «ቁም!» ብሎ በሬዲዮ ሲጮኽ ሾፌሩ የሰማው ዘፈን ነው። ኃላፊውን ሳቅ ያሳጣው ይሄ ነበር።

እኔ ከመድረሴ በፊት ብዙ ብር ወጥቷል። ባትሪ ተቀይሯል፣ ኬብል ተቀይሯል። አንድ ባለሙያ መጥቶ አንቴናውን ነቅሎ በቦታው ደሚ ሎድ ገጠመ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር የውሸት አንቴና። ሬዲዮው ሰላም ሆነ። «አያችሁ፣ አንቴናው ነው የተበላሸው» አለ። አዲስ አንቴና ወጣ። ጩኸቱም ተመለሰ። ከዚያ «ሲግናል አንሶ ነው» ተባለና መቀበያው መስመር ላይ ቡስተር፣ ማለትም የሚገባውን ሲግናል የሚያጎላ ማጉያ፣ ተገጠመ። ባሰበት። ሲብስበት ደግሞ የሪፒተሩ ኃይል ከ25 ዋት ወደ 45 ዋት ከፍ ተደረገ። ፈቃዳቸው ላይ የተጻፈው 25 ነው። ድግግሞሽ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ማንም ተነስቶ ፕሮግራም ገብቶ የሚጨምረው ነገር አይደለም፣ ግን የሆነው ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ ሪፒተሩ ራሱ በአዲስ ተቀየረ። አዲሱም ያንኑ ዘፈን ዘፈነ።

ደሚ ሎዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አንቴና ሲነቀል ከውጭ የሚገባው ሁሉ አብሮ ይቀራል። የኤፍኤም ጣቢያዎቹም አይገቡም፣ ሌላውም አይገባም። ስለዚህ በደሚ ሎድ ሰላም ሆነ ማለት «ችግሩ ከውጭ የሚገባ ነገር ይፈልጋል» ማለት ብቻ ነው። አንቴናው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ መስኮት ስትዘጋ ጫጫታው ቢቆም መስኮቱ ነው የሚጮኸው አትልም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ፣ ሁሉም አባባ የሚሏቸው፣ የተራ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። ሬዲዮው ባስቸገረ ቁጥር ሰዓቱን ጽፈውታል። «ልጄ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ደህና ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ይጀምረዋል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይብሳል። ያን ዝናብ የጣለ ዕለት ደግሞ ጭጭ ብሎ ዋለ» አሉኝ። እኔም «እሺ አባባ» ብዬ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ መሣሪያዬን ተሸክሜ ወደ ጣሪያ ወጣሁ። መልሱ ግማሽ በግማሽ እዚያ ደብተር ላይ ነበር። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ባከንኩ።

ዘፈኑ ከየት ነው የሚመጣው?

ዘፈኑ የኤፍኤም ጣቢያ ዘፈን መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ግን ኤፍኤም ስርጭት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው። የግቢው ሪፒተር ያለው 150ዎቹ ውስጥ ነው። ታዲያ የት ተገናኙ?

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ትክክለኛ ቁጥራቸውን ትቼ፣ ለምሳሌ ያህል፣ ሪፒተሩ በ154.6 ይልካል፣ በ150.0 ይቀበላል እንበል። ልዩነቱ 4.6 ነው። በግቢው ላይ አየሩን ሳየው ጎልተው ከሚገቡት ጣቢያዎች መካከል የሁለቱ ልዩነት እንዲሁ ልክ 4.6 ሆኖ ተገኘ። ይሄን ሳይ ነው ወገቤን ይዤ የቆምኩት። ሦስት ሲግናል፣ ማለትም ሁለቱ ጣቢያዎችና የሪፒተሩ መላኪያ፣ በአንድ ሽቦ ላይ ጎን ለጎን ቢሄድ ምንም አይሆንም፣ ሺህም ይሄዳል። ነገር ግን መንገድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ በደንብ አሳልፎ ወደ ሌላው የሚያንገራግር ነገር ካገኙ፣ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ ማጉያ ካገኙ፣ ይደባለቃሉ። ሲደባለቁ ያልነበረ ድግግሞሽ ይወለዳል። 154.6 ላይ የታችኛውን ጣቢያ ደምር፣ የላይኛውን ቀንስ። 150.0 ይወጣል። ሪፒተሩ ጆሮውን የሰጠበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ባለሙያዎች ኢንተርሞዱሌሽን ይሉታል፣ እኔ ከዚህ በኋላ ድቅል እለዋለሁ፣ ያጥራል።

አሁን ጂኒው ተፈታ። ሪፒተሩ ካልላከ 154.6 የለም፣ 154.6 ከሌለ ድቅሉ አይወለድም። ለዚህ ነው አንድ ሰው «ሃሎ» ካላለ በቀር የማይነሳው። አንዴ ከላከ ግን ድቅሉ ተወልዶ መቀበያው ውስጥ ይገባል፣ መቀበያው ሰው የተናገረ ይመስለዋል፣ ስለዚህ መላኩን ይቀጥላል፣ መላኩ ደግሞ ድቅሉን ይወልዳል። ጭራውን የነከሰ እባብ። የሁለቱ ጣቢያዎች ድምፅ አብሮ ስለሚገባና ኤፍኤም ስርጭት ለእንዲህ ያለ ጠባብ መቀበያ በጣም ሰፊ ስለሆነ ዘፈኑ የተቀዳደደ ይሆናል።

የአባባ ደብተርም ገባኝ። ከሁለቱ ጣቢያዎች አንዱ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፣ ጠዋት ይከፈታል። አንዱ ከሌለ ሂሳቡ አይሞላም።

«ቶን የለውም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለው። ቶን ማለት የእጅ ሬዲዮዎቹ ከንግግሩ ጋር አብረው የሚልኳት ዝቅተኛ መለያ ድምፅ ናት፣ ሪፒተሩ የሚከፈተው እሷን ከሰማ ብቻ ነው። ግን ያው ሪፒተር መልሶ ሲልክም ያችኑ ቶን ይልካታል። ድቅሉ ደግሞ ከ154.6ቱ ስለተወለደ ቶኑን ከእናቱ ወርሶ ይመጣል። ዘፈኑ ትንሽ ረገብ ባለ ቁጥር ቶኑ ይሰማል፣ በሩ ይከፈታል። በሚላከው ላይ ቶኑን ባጠፋው ክቡ ይቆረጥ ነበር፣ ኃላፊውም ያን ዕለት ደስ ብሎት ይከፍለኝ ነበር። ድቅሉ ግን እዚያው ተቀምጦ የሩቅ የእጅ ሬዲዮዎችን ድምፅ ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ጥገና ሕመሙን ትቶ ሳሉን ማፈን ነው፣ አልወደድኩትም።

ጣቢያዎቹን የወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። እነሱ በተፈቀደላቸው ቦታ ላይ በንጹህ ሲግናል ነው የሚሠሩት። ድቅሉን የሚወልደው ግቢው ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የሦስት ዲቢ ጥያቄ

ግን የቱ ነገር? ተጠርጣሪዎች ሦስት ናቸው። አንዱ የመላኪያው ማጉያ ነው፣ ጣቢያዎቹ በአንቴናው ተመልሰው ገብተው እዚያ ሊደባለቁ ይችላሉ። ሁለተኛው መቀበያው ነው፣ በተለይ ያ ቡስተር። ሦስተኛው ከሬዲዮው ውጭ ያለ ብረት ነው፣ የዛገ ብሎን፣ የላላ ማሰሪያ፣ ቆርቆሮ። ዝገት በሁለት ብረት መካከል ሲገባ ልክ እንደ ዳዮድ ይሆናል፣ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ያስቸግራል።

የመጀመሪያውን ቶሎ ነፃ አወጣሁት። ዱፕሌክሰሩ፣ ማለትም መላኪያውና መቀበያው በአንድ አንቴና እንዲሠሩ የሚለያያቸው ሣጥን፣ በመላኪያው ጎን የመቀበያውን ድግግሞሽ አጥብቆ ይገድለዋል። እዚያ የተወለደ ድቅል ወደ አንቴናው ለመውጣት መንገድ የለውም።

ሁለቱን የቀሩትን የሚለየው ዘዴ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። ሦስት ሬዚስተር ብቻ ይፈልጋል። 18 ኦም በመሀል፣ 300 ኦም በግራ፣ 300 ኦም በቀኝ ወደ መሬት። ይሄ ለ50 ኦም መስመር የ3 ዲቢ ማዳከሚያ ነው። ዲቢ የሲግናል መጨመርና መቀነስ መለኪያ ነው፣ 3 ዲቢ መቀነስ ማለት ኃይሉ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ከቡስተሩ ፊት፣ መቀበያው መስመር ላይ ትሰካዋለህ። (መቀበያው መስመር ላይ ብያለሁ። አንቴናው ሥር ከሰካኸው 45 ዋት ያልፍበትና ሬዚስተሩ ጭስ ሆኖ ይሄዳል።)

አሁን አስቡት። ድቅሉ ከውጭ ተወልዶ የመጣ ከሆነ እሱም እንደማንኛውም ሲግናል በ3 ዲቢ ይቀንሳል። ከማዳከሚያው በኋላ፣ ቡስተሩ ውስጥ የሚወለድ ከሆነ ግን ሦስቱም ወላጆች እያንዳንዳቸው በ3 ይቀንሳሉ፣ ልጁ ደግሞ የሦስቱ ብዜት ስለሆነ በ9 ይወርዳል። ሦስት ወይስ ዘጠኝ? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መሣሪያዬ ዋሽቶኛል። ታይኒ ኤስኤ የምትባል የኪስ ስፔክትረም አናላይዘር አለችኝ፣ በየድግግሞሹ ያለውን ሲግናል በስክሪን የምታሳይ። መጀመሪያ ቡስተሩ መውጫ ላይ ሰካኋት። ስክሪኑ እንደ ጃርት በእሾህ ተሞላ። ግቢው በሙሉ በድቅል የተጥለቀለቀ መሰለኝ። ልቤ ስላልተረጋጋ የመሣሪያዋን የውስጥ ማዳከሚያ በ10 ዲቢ ጨመርኩ። እውነተኛ ሲግናል ቢሆን መሣሪያዋ ራሷ ስለምታስተካክለው ቁጥሩ ባለበት መቆም ነበረበት። ከእሾሁ ግማሹ ግን ተንዶ ወረደ። እነዚያ ግቢው ውስጥ የሉም፣ መሣሪያዋ በጠንካራ ሲግናል ታፍና ራሷ የወለደቻቸው ናቸው። ድቅል ለመለካት የምትጠቀምበት መሣሪያ ራሱ ድቅል ይወልዳል፣ ይሄን ረስቶ ስንቱ ስንት ፊልተር እንደገዛ እግዜር ይወቀው።

ከዱፕሌክሰሩ መቀበያ ጫፍ ላይ፣ ከቡስተሩ በፊት፣ ስለካ ሁለቱ ጣቢያዎችና ከራሱ መላኪያ ሾልኮ የሚገባው እያንዳንዳቸው −28 ዲቢኤም አካባቢ ሆኑ (ዲቢኤም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ደካማ ነው)። ይሄ ለመቀበያ ከባድ ሸክም ነው። የእጅ ሬዲዮ ድምፅ እኮ −110 ላይ ሆኖም ይሰማል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ዱፕሌክሰሩ ርካሽ ዓይነት ነው፣ በመቀበያው ጎን የሚገድለው የራሱን መላኪያ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ኤፍኤሙን አያውቀውም፣ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል።

ቡስተሩ ሥራ ላይ እያለ ድቅሉ፣ ወደ መግቢያው መልሼ ሳሰላው፣ −68 ነበር። ማዳከሚያውን ሰካሁ። −77። ዘጠኝ! ጥፋተኛው ቡስተሩ ነው ብዬ ነቀልኩት፣ መስመሩን ቀጥታ አገናኘሁ፣ እጄን አራገፍኩ። ኃላፊው መቶ በመቶ አለቀ ወይ ሲለኝ «አለቀ» አልኩት። ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ሬዲዮዋን አንስታ «ሃሎ» አለች።

ዘፈኑ መጣ። ቀነስ ብሎ፣ ግን መጣ።

እንደገና ለካሁ። −95። ማዳከሚያውን ሰካሁ። −98። ሦስት ብቻ። ሁለት ጥፋተኛ ነበር ማለት ነው፣ ትልቁ ጩኸት ትንሹን ሸፍኖት ነበር። ይሄኛው ደግሞ ከውጭ፣ ከጣሪያው ላይ የሚመጣ ነው። ከውጭ የመጣ ድቅል ክፋቱ ልክ በመቀበያው ድግግሞሽ ላይ ተቀምጦ መምጣቱ ነው። በምንም ፊልተር አይለይም። ፊልተሩ የሚያሳልፈውን የእጅ ሬዲዮ ድምፅ ያህል እሱንም ያሳልፈዋል። የምንጩን ብረት ፈልጎ ከማግኘት ሌላ አማራጭ የለም።

ግማሽ ሜትር ኬብል

ወደ ጣሪያው ከመሄዴ በፊት የመቀበያውን በር ዘጋሁ፣ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ቡስተር ቢገጥም እንዳይደገም። የተዘጋጀ የኤፍኤም ማገጃ ፊልተር ማስመጣት ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። በአሮጌው መንገድ ሄድኩ፣ ስተብ ሠራሁ።

ለምሳሌ የሁለቱ ጣቢያዎች መካከለኛ 100 ሜጋኸርዝ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው፣ ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር። በአርጂ 58 ኬብል ውስጥ ሞገዱ በ0.66 እጥፍ ስለሚያጥር 49.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይሄን ያህል ኬብል ቆርጠህ አንዱን ጫፍ በቲ ኮኔክተር መስመሩ ላይ ትገጥማለህ፣ ሌላውን ጫፍ ክፍት ትተወዋለህ። ክፍቱ ጫፍ በሩብ ሞገድ ርቀት ላይ ሾርት መስሎ ይታያል። ኤፍኤሙ እዚያ ሲደርስ ገደል ይገባል። መጀመሪያ 52 አድርጌ ቆረጥኩት፣ ከዚያ ናኖ ቪኤንኤ በምትባል የኬብልና የአንቴና መለኪያ ላይ ሲግናሉ የሚወርድበትን ጉድጓድ እያየሁ በመቀስ በሚሊ ሜትር አሳጠርኩት። ኬብል ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ግን የለም።

አንድ ጣጣ አለው። ያው ቁራጭ ኬብል በ150 ላይ እንደ ኮይል ይሆናል፣ የምንፈልገውንም ሲግናል ያዛባል። ሂሳቡ ሲሠራ በ150 ላይ 50 ኦም ያህል የኮይል ጠባይ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ቲው ላይ 22 ፒኮፋራድ አካባቢ የሚስተካከል ካፓሲተር ወደ መሬት ጨመርኩ። ኮይሉና ካፓሲተሩ በ150 ላይ ይጣፋሉ፣ መስመሩ ነፃ ይሆናል፣ ገደሉ ግን 100 ላይ እንዳለ ይቆያል። ካፓሲተሩን ከሞተ የድሮ ሬዲዮ ነቀልኩት። ቲውን እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ገዛሁት፣ እዚያ ፈልጎ የማይገኝ ነገር ካለ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለካው ጣቢያዎቹ በ22 ዲቢ ያህል ወረዱ። ሁለቱም በ22 ስለወረዱ መቀበያው ውስጥ ሊወለድ የሚችለው ድቅል በ44 ይወርዳል። ለግማሽ ሜትር ኬብል መጥፎ አይደለም።

ኃይሉንም ወደ 25 ዋት መለስኩት። የግቢው ዳር ድረስ ሄደን ሞከርን። ያለ ቡስተር፣ በ25 ዋት፣ የመጨረሻው በር ላይ ያለው ጥበቃ ጥርት ብሎ ተሰማ። ቡስተሩ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር።

ጣሪያው ላይ

ለጣሪያው ብቻዬን አልሄድኩም። የድሮው ሸመንደፈር ጡረተኛ የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የባቡር መስመሩን የስልክ ሽቦ ሲያበጁ የኖሩ ሰው አሉ፣ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። የዛገ መገናኛ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጉዳዩን ስነግራቸው ስለ ድግግሞሹ ምንም አልጠየቁኝም። «ዝናብ ሲጥል ይሻለዋል?» አሉኝ። አዎ ጋሼ። «ፀሐይ ስትገባ ይብሰዋል?» አዎ። «እንግዲያው ቆርቆሮው ላይ ነው። ቆርቆሮ በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሲንጣጣ ሰምተህ አታውቅም?» ስንት ዓመት ድሬ የኖርኩ ሰው፣ ማታ ማታ ጣሪያዬ ሲንጣጣ እየሰማሁ የምተኛ ሰው፣ አላሰብኩትም። ብረት ሲለጠጥና ሲሰበሰብ የዛገው መገናኛ ይላላል ይጠብቃል። ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል፣ ዳዮድነቱ ይጠፋል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ከረፈደ ያ ቆርቆሮ እንቁላል ይጠብሳል፣ እጅ አያስነካም። ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ሬዲዮዋን ለአፍታ ተጭና ሪፒተሩን ታስነሳለች። እኔ ቢሮ ውስጥ ኢርፎን አድርጌ በመቀበያው ድግግሞሽ ላይ አዳምጣለሁ። ጋሼ ደረቅ የእንጨት ዱላ ይዘው ጣሪያው ላይ ያለውን ብረት ሁሉ አንድ በአንድ ቀስ እያሉ ይመታሉ። በብረት አይመታም፣ ብረት ራሱ አዲስ መገናኛ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምንም የለም። ዘፈኑ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ «ቶክ» ሲሉ ዘፈኑ ክርርር ብሎ ተቆረጠና ተመለሰ። «ጋሼ፣ ድገሙት!» ቶክ። ክርርር። ወጥቼ ሳይ ዱላቸው ያረፈው ድሮ ቴሌቪዥን በአንቴና በሚታይበት ዘመን የቆመ፣ ዲሽ ከመጣ ወዲህ ማንም ያላስታወሰው የብረት ምሰሶ ላይ ነው። ከሪፒተሩ ምሰሶ ጋር በማሰሪያ ሽቦ ተጠፍሯል። ሽቦው በዝገት ቀልቷል፣ በጣት ስነካው እንደ በርበሬ ተፈረፈረ። ሪፒተሩ ከአንድ ሜትር በታች ርቀት ላይ እየረጨበት ለዓመታት ቆሞ ኖሯል። ቆርጠን አወረድነው። ድቅሉ ወደ −104 ወረደ።

አልቆመም። ጋሼ ወደ አንቴናው ማሰሪያ ሄዱ። አዲሱን አንቴና የተከሉት ሰዎች አሉሚኒየሙን በአሮጌው የብረት ማሰሪያ ነው የጠበቁት። ሁለት የተለያየ ብረት፣ በመሀላቸው አቧራና ዝገት። ፈታነው፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈግነው፣ በማይዝግ ብሎን አጠበቅነው፣ ላዩን ግሪስ ቀባነው። ሦስተኛው የምሰሶው ወጣሪ ሽቦ ነበር። ንፋስ ሲነፍስ ሁለት ቆርቆሮ የሚደራረብበት ጠርዝ ላይ ይታከካል፣ ቀለሙን ልጦ ብረቱን አጋልጦታል። ሽቦውን አራቅነው፣ ሊነካ የሚችልበት ቦታ ላይ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልለን አሰርን።

እዚህ ላይ ጋሼ ያሉኝ ነገር ሥራውን ሁሉ ይገልጸዋል። «ወይ ጠበቅ አድርገህ አጋባቸው፣ ወይ ፈጽመህ አፋታቸው። ግማሽ ለግማሽ ነው የሚያጣላ» አሉ። የመሬት ሽቦውን ግን እንዳታፋቱት። ምሰሶው በወፍራም መዳብ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፣ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

የቆርቆሮውን ምስማር ሁሉ ማጥበቅ አይቻልም፣ ስንት መቶ ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ወሰድን። አንቴናውን በአዲስ ቧንቧ 2 ሜትር ተጨማሪ ከጣሪያው አራቅነው። ሲርቅ ወደ ቆርቆሮው የሚረጨው ይቀንሳል፣ ከቆርቆሮው የሚመለሰውም ይቀንሳል፣ ሁለት ጊዜ ታተርፋለህ። ከዚያ በኋላ ታይኒዋ ምንም አላየችም፣ ከእሷ ዓይን በታች ወርዷል። ሪፒተሩን ራሱን ዳኛ አደረግን። ልጅቷ ተጫነች፣ ለቀቀች። ዝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ደገምን፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ። ዝም።

ከተማው ውስጥ ይሄን ለነገርኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ የስተቡን ርዝመት ነው። ርዝመቱ እንደየጣቢያው ይለያያል፣ ሂሳቡን ከላይ ጽፌዋለሁ። እኔ ግን ብትይዙልኝ የምመርጠው ያችን የሦስት ሬዚስተር ማዳከሚያ ነው። ፊልተር መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ሳትገዙ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ከሦስት ወር በኋላ አባባ ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ትንሽ ጮኸ። ንፋስ ነበር። ዛሬ ጠዋትም ጮኸ» አሉኝ። ደብተሩ ላይ ሌላ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ በዚህ ጊዜ ተምሬያለሁ። ገጽ ሲገልጡ ተሰማኝ። «ማክሰኞ የሶላር ሰዎች መጥተው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል» አሉ። ስሄድ የፓኔሉን ብረት ከምሰሶአችን ጋር በማሰሪያ ሽቦ አስረውታል። መቁረጫዬን አወጣሁ።